ሌክሰስ ሞተሪኖውን ለምን መለሰ?

ቡናው እስኪፈላ አንድ የቆየ ማስታወቂያ ላጫውታችሁ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1989 ነው። ሌክሰስ የሚባል፣ እስከዚያ ድረስ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ስም አሜሪካ ገበያ ገብቷል። ሰዎቹ ኤል ኤስ 400 የተባለችውን የመጀመሪያ መኪናቸውን፣ ጎማዋ ባለበት በሚሽከረከርበት ሮለር ላይ አቆሟት። ኮፋኖዋ ላይ የሻምፓኝ ብርጭቆዎችን አንዱን ባንዱ ላይ ደርድረው ፒራሚድ ሠሩ። ከዚያ ነዳጅ ሰጧት። የፍጥነት መቁጠሪያው በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ከብርጭቆዎቹ አንዱ እንኳ ንቅንቅ አላለም። ተመልካቹ ጉድ አለ።

ደግ። ግን ደቡብ ኦሞ ጫፍ ላይ፣ ኦሞራቴ ተቀምጦ ይህን የሚያይ ሰው አንድ ጥያቄ አለው። ብርጭቆዎቹን እንደደረደሩ ለምን ከቱርሚ ወደዚህ አይመጡም? 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ይሁንላቸው፤ እሱን ለቀው ወደ ዳሰነች መንደሮች የሚያስገባውን አሸዋ ይሞክሩት። ወይም ካስኬን፣ በደረቁ ጊዜ መኪና እንደ ልቡ የሚመላለስበትን የአሸዋ ወንዝ፣ ሐመር ተራሮች ላይ ዝናብ በጣለ ዕለት ይሻገሩት። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶ ሳለ ጎርፉ ከየት መጣ ሳይባል ይደርሳል።

በነገራችን ላይ ሌክሰስን ልንቅ አልተነሣሁም። ታሪኩ የሚያስቀና ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የሌክሰስ እናት የሆነችው የቶዮታ ሊቀ መንበር ኤጂ ቶዮዳ አለቆቹን ሰብስበው ከዓለም ምርጥ መኪኖች ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚገጥም መኪና መሥራት እንችላለን ወይ ብለው ጠየቁ። ነገሩ በምስጢር ተያዘ። ዋናው መሐንዲስ ኢቺሮ ሱዙኪ አንዱ ሲሟላ ሌላው የሚጎድልባቸውን ነገሮች ባንድ ላይ የሚፈልግ ሰው ነበር፤ ፈጣን ትሁን ግን ነዳጅ አትጠጣ፣ ድምፅ አይሰማባት ግን አትክበድ። ለእነዚህ "ግን"ዎች ሲባል 450 ያህል የሙከራ መኪኖች ተሠሩ፣ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይም ወጣ። መኪናዋ ገበያ የወጣችው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

እኔ ግን ከመኪናዋ ይልቅ ቀጥሎ የሆነው ይገርመኛል። ገና በወራት ውስጥ ሁለት ደንበኞች በኤሌክትሪክ መስመሩና በፍጥነት መቆጣጠሪያው ላይ ቅሬታ አቀረቡ። ኩባንያው እስከዚያ የሸጣቸውን 8,000 ያህል መኪኖች በሙሉ ጠራ። ባለሙያዎቹ መኪናውን ከባለቤቱ ደጅ ይወስዳሉ፣ ያስተካክላሉ፣ አጥበው፣ ነዳጅ ሞልተው ይመልሳሉ። ሁሉም በ20 ቀን ውስጥ አለቀ። የሌክሰስ ስም የተተከለው ያን ጊዜ ነው፤ ብርጭቆው አጃቢ ነበር።

ኦሞራቴ ላይ መኪና ሲቆምባችሁስ? ከደጃችሁ የሚወስድላችሁ የለም። ያላችሁ ረዳቱ፣ ክሪኩና ፈጣሪ ነው። ከአዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃችኋል፤ ከባሕር ጠለል 400 ሜትር እንኳ ከፍ አላላችሁም፤ ሙቀቱ ብረቱን በባዶ እጅ አያስነካም። እዚህ ቅንጦት የሚባለው አንድ ነገር ነው፤ ማታ ቤት መግባት።

ለዚህ ነው በዚህ አገር ንጉሡ ሃርድቶፕ የሆነው። ላንድክሩዘር 70 ሴሪን ነው የምላችሁ፤ ያን አራት ማዕዘን ፊት፣ ቱሪስት፣ ክትባት፣ ፖሊስና የእርዳታ ዱቄት ተራ በተራ የሚጭነውን። ቶዮታ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። እኛ አገር በብዛት የምናየው ሞተሩ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ እ.ኤ.አ. የ1990 ሥሪት ነው። ኮምፒውተር የለበትም። ናፍጣውን ለሞተሩ የሚያድለው ፖምፓ ከጥርስና ከብረት የተሠራ ነው። ብዙዎቹ ሃርድቶፖች ሁለት ሰርባቶዮ ስላላቸው ባንዴ 180 ሊትር ይይዛሉ፤ ያ ማለት ማደያ የሌለበትን አገር ሳይጨነቁ ደርሶ መልስ ነው።

ይህ ሞተር ናፍጣ ሲያልቅበት የሚሆነውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ናፍጣ ያለቀበት ሞተር መስመሩ ውስጥ አየር ይገባበታል፤ ነዳጅ ቢሞሉለትም እሺ ብሎ አይነሣም። ረዳቱ ከፖርቶመጋላው ቢጫውን ጀሪካን አውርዶ ይቀዳል። ሾፌሩ ኮፋኖውን ከፍቶ እጅጌውን ይሰበስባል። የናፍጣ ፊልትሩ አናት ላይ መዳፍ የምታህል የእጅ ፖምፕ አለች፤ በአውራ ጣቱ ሥጋ ይጫናታል፣ ይለቃታል፣ ይጫናታል። መጀመሪያ ልል ናት። አየሩ እየወጣ ናፍጣው ሲደርስ እየጠነከረች ትመጣለች፣ በመጨረሻ አልጫንም ትላለች። "አሁን በላት!" ይላል ሾፌሩ። ረዳቱ ቁልፍ ያዞራል፣ ሞተሪኖው ያጉረመርማል፣ ጥቁር ጭስ አንዴ ቡልቅ ይልና ተነሣች። ሥራው ሻይ አዝዞ ጠጥቶ እስከመጨረስ አይፈጅም። መሣሪያውም አንድ አውራ ጣት ነው።

ፈረንጁ ከኋላ ወንበር ሆኖ ይህን ሲያይ ሾፌሩን አስማተኛ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሾፌሩ ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከሠላሳ ዓመት በፊት የታሰበን ነገር ያመሰግናል።

አሁን ወደ ቅንጡዎቹ እንመለስ፤ ምክንያቱም ሃርድቶፕና ሌክሰስ ካንድ ቤት የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሌክሰስ ኤል ኤክስ የሚባለውን ትልቁን መኪናውን ሲያመጣ ሻንሲውንና አካሉን የወሰደው ከላንድክሩዘር 80 ሴሪ ነው። ቆዳና እንጨት ጨመረ፣ ዋጋውን ሰቀለ። ላንድክሩዘር ራሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1951 ልጅ ነው፤ ያኔ ገና ቶዮታ ጂፕ ይባል ነበር፣ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው እርከን ወጥቶ ፖሊሶችን አስደንቆ ነው ገበያ ያገኘው። ስለዚህ ኤል ኤክስ የተንደላቀቀ ይምሰል እንጂ አያቱ ተራራ ወጪ ነው።

ይህ ዘር እኛ አገር የማዕረግ ምልክት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። መጀመሪያ ኮብራ ነገሠ፣ ቀጥሎ ቪ8። "ቪ8 ይዞ መጣ" ሲባል ስለ ሞተሩ የሚያወራ ሰው የለም፤ ስለ ወንበሩ ነው። የሚያስቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ቶዮታ አዲሱን ላንድክሩዘር 300 ሲያወጣ ስምንቱን ሲሊንደር ትቶ ባለ ስድስት አደረገው። ሥልጣኑ ባለበት ቀርቶ ሁለት ሲሊንደር ተቀነሰ ማለት ነው።

መኪናና ማዕረግ ሲያያዙ የመጀመሪያው አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን ቆርጦ ለዐፄ ምኒልክ መኪና አመጣ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሮልስ ሮይሱንም መርሴዲሱንም ደርድረው ነበር፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የወሰዳቸው ግን ትንሿ ቮልስዋገን ናት። ከዚህ በላይ አልጨምርበትም፤ ሁለተኛው ቡና ደረሰ።

አዲሶቹ ሞዴሎች ምን ይዘው መጡ ላላችሁኝ፣ ኤል ኤክስ 600 የተባለው የ2021ዱ ሥሪት 200 ኪሎ ያህል ክብደት ቀንሶ፣ በጣት አሻራ የሚነሣ ሆኖ መጣ። የጣት አሻራ! እስቲ ያን ናፍጣ የነካ አውራ ጣት ያስነኩት። ይህ ነገር ለዱባይ የተሠራ ነው።

ቀጣዩ ግን ልቤን ነካው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሌክሰስ ኤል ኤክስ 700ኤች የተባለ ሃይብሪድ፣ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ባንድ ላይ የሚሠራበት፣ ይዞ ብቅ አለ። ሃይብሪድ ሲሠራ የተለመደው ሞተሪኖውንና ዲናሞውን አውጥቶ መጣል ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሣውም ባትሪውን የሚሞላውም የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነዋ። መሐንዲሶቹ ግን ቁጭ ብለው አሰቡ። በረሃ መሐል የኤሌክትሪክ ክፍሉ ቢያኮርፍስ? ሰውየው ባለ ብዙ ሚሊዮን ብር ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሊቀር ነው። ስለዚህ ሞተሪኖውንም ዲናሞውንም መለሱ። ሃይብሪዱ እንቢ ቢል መኪናው በቤንዚን ብቻ ተነሥቶ አገሩ ይገባል። ባትሪውንም ውኃ በማያስገባ ሳጥን ዘጉት፤ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ውስጥ እንዲሄድ። ኦሞ ሲሞላ 70 ሳንቲ ሜትር ምንም አይደለም፤ ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ዳሰነች ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለቁበትን ጎርፍ የሚያስታውስ ይህን አይስተውም። ለካስኬ ግን ይበቃል።

ልብ በሉ፤ የዓለም ቅንጡ መኪና ሠሪ በ35 ዓመቱ የደረሰበት ትልቁ ሐሳብ የኦሞራቴ ሾፌር ድሮም ያውቀው የነበረው ነው። ያረጀ ዕቃ ሁሉ አይጣልም። እኔ የሌክሰስን ታሪክ በሙሉ ባየው ከብርጭቆው ቀጥሎ የማስቀምጠው ይቺን ሞተሪኖ ነው፤ እንዲያውም አስቀድማታለሁ።

አሁን የእኛን ጉዳይ እናንሣ። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች፤ የሚገባው የኤሌክትሪክ ነው። ሐሳቡን አልጠላውም። ነዳጅ በዶላር ነው የሚገዛው፣ መብራቱ የራሳችን ነው። አዲስ አበባ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ወዳጄ ማደያ ሰልፍ ላይ የቆሙትን እያየ ሲያልፍ ፊቱ ላይ ያለውን ፈገግታ ብታዩት ትቀናላችሁ።

ነገር ግን ሒሳቡን ኦሞራቴ አምጥተን እንሥራው። ለከተማዋ የተተከለው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ 375 ኪሎ ዋት ነው። የሌክሰስ የኤሌክትሪክ መኪና፣ አርዜድ 450ኢ፣ በፈጣን ቻርጀር ሲሰካ እስከ 150 ኪሎ ዋት ይስባል። ሁለት ቱሪስት ሁለት አርዜድ ይዞ መጥቶ ባንዴ ቢሰካ 300 ሄደ። ለክሊኒኩ፣ ለወፍጮው፣ ለቀዝቃዛ ውኃ ሻጩ ፍሪጅ፣ ለከተማው ሁሉ 75 ቀረ። ያውም በጠራራ ፀሐይ። ሦስተኛ እንግዳ ከመጣ ከተማዋ ጨለመች።

የሚያናድደው ደግሞ ውኃው ነው። ይኸው በኦሞራቴ አጠገብ የሚፈሰው ቡናማ ወንዝ ላይኛው በኩል ጊቤ 3ን ያሽከረክራል፤ 1,870 ሜጋ ዋት። የከተማዋን ማመንጫ አምስት ሺህ ጊዜ ያህል ደርድሩት፣ እሱን ያክላል። መብራቱ በወንዙ ተወልዶ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ውኃው ወደ ደቡብ ወርዶ ዳሰነችን አልፎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል።

መብራቱ እዚህ እስኪደርስ ሃርድቶፑ ይቀጥላል። አዲስ መግባቱ ሲከብድ የድሮው ይወደዳል፤ ጎማው ሲያልቅ በርባሶ ሆኖ አንድ ከብት ጠባቂ እግር ላይ ሌላ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ባሌስትራው ሲሰበር ይበየዳል። ቶዮታም ይህን ዐውቆ ነው መሰል እ.ኤ.አ. በ2023 ይህንኑ 70 ሴሪ ጃፓን አገር ውስጥ እንደገና መሸጥ ጀምሯል፤ በአዲስ 2.8 ሊትር ናፍጣና በአውቶማቲክ ካምቢዮ። ሽማግሌው ከጡረታ ተጠራ።

ስለዚህ የመኪና ፖሊሲ ለምታረቁ ወገኖቼ አንድ ልመና አለኝ። ፈጣን ቻርጀር ስትተክሉ አርባ ምንጭ ላይ አትቁሙ፤ ኮንሶን፣ ጅንካን፣ ቱርሚን ጨምሩ። መብራቱ ደቡብ ኦሞ ጫፍ እስኪደርስ ድረስም ለሩቅ ወረዳ አምቡላንስና መስክ መኪና ሃይብሪድ ፍቀዱ፤ ሞተሪኖ ያለውን። ከዚያ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ኦሞራቴ ድረስ በኤሌክትሪክ መኪና ኑ፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ከኋላችሁ ናፍጣ የሞላ ሃርድቶፕ እንዲከተል ካዘዛችሁ ግን ጉዞው አይቆጠርም።