ልቡ የተጠገነ ጎረምሳ ምን ያህል ይሸከም?

የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚመለስ ወጣት ሁሉ ይዟት የሚመጣ ቃል አለች፤ «ከባድ ነገር እንዳታነሣ»። ቃሏ ትክክል ናት። ሐኪሙ የሚናገራት ግን ለተወሰኑ ሳምንታት ነው፤ ደብረ ማርቆስ ስትደርስ የዕድሜ ልክ ትሆናለች። እናት ትይዛታለች፣ ጎረቤት ይይዛታል፣ አጎት ሠርግ ቤት በሰው ፊት ይደግማታል። ከዓመታት በኋላም ወንበር ልታዞር ስትነሣ «ኧረ ተው አንተ ልጅ፣ ልብህን!» የሚል አይጠፋም። በፍቅር ነው የሚሉት። እኔም ቆሜ የምሄደው በዚያ ፍቅር ነውና አላቃልለውም። ሆኖም ያቺ ቃል ማብቂያ ቀን ሊኖራት ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

በደረታችን መሐል ረጅም ጠባሳ ይዘን የምንኖር የዚህ ሀገር ልጆች፣ የብዙዎቻችን ነገር የጀመረው በጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሕፃኑን ጉሮሮ ያሳምማል፤ ሰውነት ሊከላከለው ሲነሣ የራሱን መገጣጠሚያና የልቡን ቫልቮች ጭምር ያጠቃል። ጉልበት ያብጣል፣ ቁርጥማት ይባላል፣ ያልፋል። ቫልቩ ላይ የቀረው ጉዳት ግን ከዓመታት በኋላ ልጁ ዳገት መውጣት ሲያቅተው ይታወቃል። በገጠራችን ጉሮሮው የታመመ ልጅ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ሲቆረጥለት ኖሯል፤ ልቡን ያድንለት የነበረው ግን ርካሹ ፔኒሲሊን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ በሽታ 55 ሚሊዮን ያህል ሰው ይዟል፤ በየዓመቱም 360,000 ያህል ሰው ይገድላል። በየካቲት 2007 ዓ.ም. የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው በሽታው ከአህጉሩ የሚጠፋበትን መንገድ የሚያሳይ መግለጫ አውጥተዋል። በዋና ከተማችን ስም የሚጠራ ሰነድ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ የተጻፈው ስለኛ ስለሆነ ልናውቀው ይገባል።

ዶክተር በላይ አበጋዝን ሳላነሣ ባልፍ ውለታ መብላት ይሆንብኛል። የልብ ሕሙማን ሕፃናትን ለመርዳት የተነሡት እዚህ ሀገር ልብ የሚከፈትበት ክፍል ባልነበረበት፣ ልጆች ውጭ ሀገር መላክ ብቻ ተስፋቸው በነበረበት ጊዜ ነው። «አንድ ብር ለአንድ ልብ» እየተባለ ተማሪው ሳንቲሙን አዋጣ፤ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከሉ ሥራ ጀመረ። እዚያ ደረስን፣ ታከምን፣ ዳንን የሚሉ ዛሬ ብዙ ናቸው። ከዚያ በኋላስ? የታከመው ልጅ አድጎ ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ ጓደኞቹ ሜዳ ሲወርዱ እሱ ምን ያድርግ? በሌላው ዓለም ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንቅስቃሴን በባለሙያ ፊት፣ በመጠን የሚያስጀምር የልብ ተሃድሶ ሕክምና አለ። በእኛ ሀገር ይህ ገና ሥር አልሰደደም። ክፍተቱን የሚሞላው ያቺው «እንዳታነሣ» ናት።

መጀመሪያ ለምን እንደምትባል ልናገር። ልብ ጋ ለመድረስ የደረት አጥንት በመሐሉ ይሰነጠቃል፤ ሲያበቃ በሽቦ ይታሰራል። አጥንቱ ደህና አድርጎ እስኪገጥም ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ከአምስት ኪሎ ያህል በላይ አታንሣ፣ አትግፋ፣ አትጎትት፣ ከአልጋ ስትነሣ በክንድህ አትደገፍ የሚባለው ለዚህ ነው። ደረት ሲንቀሳቀስ ቀጭ ካለ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው። እዚህ ላይ ድርድር የለም። በሰሞነ ሕማማት እንኳ ቢሆን፣ መሬት በእጅ ተደግፎ የሚነሣበት ስግደት ለዚያ ዓመት ይቅር፤ የንስሐ አባትህን ጠይቅ፣ ምክንያቱን ስትነግራቸው «ልጄ፣ በልብህ ስገድ» እንጂ ሌላ አይሉህም።

አምስት ኪሎ ግን ለጎጃም ሰው ምንድን ነው? ሃያ ሊትር የሚይዘው ጀሪካን ሩቡ ነው። ጤፍ በኩንታል በሚለካበት፣ ሞፈርና ቀንበር በትከሻ እርሻ በሚወርድበት፣ ማገዶ በጀርባ በሚመጣበት ሀገር ክብደት ማንሣት መኖር ራሱ ነው። የሐኪሙ መመሪያ የተጻፈው ምናልባት መሳቢያ ለሚከፍትና የገበያ ዘንቢል ለሚይዝ ሰው ነው፤ ሰማኙ ደግሞ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ወደ ቤቱ ሲገባ ሁለት መንገድ ብቻ ይጠብቀዋል። ወይ ምንም ሳይነካ የቤት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሃያ እርምጃ ሄዶ ሲያለከልክ ልቡ የደከመ ይመስለዋል፤ የደከመው ግን እግሩ ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ አንድ ማለዳ የአባቱ ድካም አላስችል ብሎት ያለ ምንም ልምምድ ኩንታሉን ይሸከማል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሦስተኛውን መንገድ የሚያሳየው የለም። ብረት ማንሣትን የወደድሁት ለዚህ ነው፤ ኪሎው ይታወቃል። ዛሬ አምስት፣ ሲመችህ ሰባት ተኩል፣ ሳይመችህ ተመልሰህ አምስት። ወይፈን የሚገራ ገበሬ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ አያሳርሰውም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሲሚንቶ የተሞላ የወተት ጣሳ በቧንቧ ብረት አጋጥመው የሚሠሩ ልጆች አሉ። እኔም በእንዲህ ያለው ነው የጀመርሁት። ደግሞ ነገሩ ብዙ ዕቃ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ቅድመ ሁኔታ ነው። ብረቱን ከመንካት በፊት ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ መነሣት፣ ልብ ምን ያህል እየገፋ እንደሆነ፣ ቫልቩ እንዴት እየሠራ እንደሆነ፣ ትልቁ የደም ቧንቧ ሰፍቶ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ የደም ግፊት ስንት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቧንቧው የሰፋበት ሰው ከባድ ብረት ፈጽሞ አይነካም። የልቡ ጡንቻ የደከመም መንገዱ ሌላ ነው። የአንዱ ፈቃድ ለሌላው አይሆንም፤ እኔ ምን ያህል እንደማነሣ የማልጽፈውም ለዚህ ነው።

የማይለወጠው ነገር ትንፋሽ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብረት የሚሠሩ አምስት ጤነኛ ወጣቶችን በደም ሥራቸው ውስጥ መለኪያ አስገብተው ለኩ። በሁለት እግር ከባድ ብረት ሲገፉ ግፊታቸው በአማካይ 320 በ250 ደረሰ፤ አንደኛው ከ480 በ350 አለፈ። እኛ 140 ሲሆን የምንደነግጠውን አስቡት። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ብረት የሚገፉ ስፖርተኞችን አንድ ጊዜ ትንፋሽ አሳፍነው፣ አንድ ጊዜ ቀስ ብለው እያስተነፈሱ ለኳቸው፤ ታፍነው 311 በ284፣ እየተነፈሱ 198 በ175። ብረቱ አልተለወጠም። ሲያነሡ ማስተንፈስ፣ ሲያወርዱ መሳብ፣ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ሳይታገሉ የሚነሣ ክብደት መምረጥ፣ እያነሡ ማውራት ካልተቻለ መቀነስ። ጓደኛ «አንድ ጨምር! አንድ!» እያለ ሲጮህ አለመስማትም ይጨመርበት። ልጆች፣ እባካችሁ፣ ይቺ ጩኸት ለኛ አትሁን።

ሌላም አለ። የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነውና በሌላ ሀገር የተጻፈ የልምምድ መርሐ ግብር እዚህ ሲሠሩት ይከብዳል። ተወልደን ያደግንበት ስለሆነ ሰውነታችን ያውቀዋል፤ አዲስ የተጠገነ ልብ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ለብዙ ጊዜ የእኔ ስፖርት ዳገት አልባ የእግር መንገድ ነበር፤ ባዶ እጄን።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበውን ልናገር። ሰው ሠራሽ ብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ትልቁ ጠላቱ ዱምቤል አይደለም፤ የመድኃኒቱ ሚዛን መዛባት ነው። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል የሚሰማው ትክ ትክታ እንዲቀጥል የሚያደርገው ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ነው። ዋርፋሪን ካነሰ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ ከበዛ ይደማል። ሚዛኑ አይ ኤን አር በሚባል ምርመራ ይለካል፤ የግራው ቫልቭ፣ ሚትራል የሚሉት፣ በብረት ለተተካ ሰው ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ይህ ቁጥር ከጓዳችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል። ጾም በሌለበት ጊዜ ጥቂት ጎመን የሚበላ ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ በየቀኑ ጎመን ቢበላ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ይወጣል። መፍትሔው ጎመን መተው አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ በልክ መብላት፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ ምርመራውን ማድረግ ነው። አረቄውን ግን መተው ነው። ጸበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ብቻ አያቁም። የወሩ ፔኒሲሊን መርፌም በቀዶ ሕክምናው አያበቃም፤ ቢያንስ እስከ 40 ዓመት ይቀጥላል፣ ለአንዳንዱ ዕድሜ ልክ። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት የሚጠፋበትን ጊዜ አይተናልና፣ ሲገኝ ትርፍ ማስቀመጥ ከማንኛውም ልምምድ ይቀድማል።

ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው የሚተወው ስፖርትም አለ። ትግል የለም። የገና ጨዋታም የለም፤ ሩሯ፣ ኳሷ ማለት ነው፣ ጭንቅላት ላይ ብታርፍ ውስጥ ለውስጥ መድማት ሊሆን ይችላል። እግር ኳስም በግንባር የሚጋጩበት ጨዋታ ከሆነ አይሆንም። ይህ ያሳዘነኝን ያህል ቀዶ ሕክምናው አላሳዘነኝም፤ አልዋሽም። ብረቱን በዚህ ምክንያት የበለጠ ወደድሁት፤ የሚጋጭህ የለም፣ የምትወዳደረው ከትናንቱ ኪሎ ጋር ነው።

ንዋንኮ ካኑን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ኦሊምፒክ የናይጄሪያን ቡድን በአምበልነት መርቶ ወርቅ አመጣ። ወደ ኢንተር ሚላን ሲገባ ሐኪሞች ልቡን ሲመረምሩ የአኦርታ ቫልቩ ጉድለት ተገኘበት። በዚያው ዓመት ኅዳር አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሃያ ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሜዳ ተመለሰ፣ በ1999 አርሰናል ገባ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የአፍሪካ ኮከብ ተባለ። በ2000 ደግሞ ለልብ ሕሙማን ልጆች ድርጅት አቋቋመ። ለእናቶቻችን ይህን ታሪክ ንገሯቸው። ሁላችንም ካኑ እንሆናለን ለማለት አይደለም፤ እሱን የመለሰው ምርመራና በየደረጃው የተፈቀደ ልምምድ እንጂ ድፍረት አልነበረም። ግን የሃያ ዓመቱ ልጅ ተቀምጦ አልቀረም።

ሐኪሞቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። መውጫ ወረቀቱ ላይ «ከባድ ሥራ አይሥራ» ከምትሉ «እስከዚህ ቀን ይህን ያህል ኪሎ፣ ከዚያ ተመልሶ ይመርመር፣ ከዚያ ይህን ያህል» ብላችሁ ጻፉልን። ከመጻፋችሁ በፊትም ቤታችን ምን እንደምንሸከም ጠይቁን።

ለእህቶቻችን ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነው ያየሁት። ወንዱ ልጅ ዓመታት «አትንካ» ይባላል፤ እታለም ግን ከሆስፒታል በወጣች በወሯ ጀሪካኑ ይመለስላታል፣ ውኃ ሌላ ማን ያመጣል ተብሎ። ስፖርት ትፈልጊ እንደሆነ የሚጠይቃትም የለም። የደረት አጥንቷ እንደኛው ነው የተሰነጠቀው። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለች ልጅ ካለች የመጀመሪያውን ሦስት ወር ውኃውን ወንድሟ ይቅዳ። ከዚያ ሐኪሟ ሲፈቅድላት ጀሪካኑን ሙሉ አትስጧት፤ በአምስት ሊትር ትጀምር፣ ሳያልባትና ሳያዞራት ከተመላለሰች ሰባት፣ ከዚያ አሥር። ጀርባዋ ላይ ሳይሆን በሁለት እጇ እኩል ከፍላ ትያዝ፤ ዳገቱ ላይ ቆማ ትተንፍስ፣ የሚያስቸኩላትም አይኑር።