«ድፋው» አልኩት

ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ነፍሳት በል ተክሎች ላይ በደረስኩ ቁጥር «እነዚህ በእኛ አገር የሉም» እል ነበር። ማንም እንዲህ ብሎ አልነገረኝም፤ መጽሐፍም አላገላበጥኩም። የሉም ያልኩት እኔ ስላላየኋቸው ብቻ ነው። በዚህ የተጎዳ አንድ ተማሪ አለ።

ያኔ ከአሜሪካ የመጣ ዘመዴ በትንሽ ዕቃ የተተከለ ቬነስ ፍላይትራፕ ሰጥቶኝ ነበር። ተክሉ በተፈጥሮ የሚበቅለው በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና ጠረፍ አካባቢ ባለ ረግረግ ብቻ ነው። እንደ አፍ የተከፈተው ቅጠሉ ውስጥ ቀጫጭን ፀጉሮች አሉት፤ ዝንብ በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከነካቻቸው ቅጠሉ በቅጽበት ይገጠማል። ክፍል ይዤው ስገባ ተማሪዎቹ እየተጋፉ አዩት። እኔም «አገራችን ቢኖር ኖሮ» አልኩ።

ከኋላ የሚቀመጥ የጎርጎራ ልጅ ነበር። ጎንደር ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ቅዳሜና እሁድ ስንቅ ሊያመጣ ቤተሰቦቹ ጋ የሚወርድ። ሰኞ ጠዋት በሃይላንድ የጣና ውሃ ይዞ መጣ። ውስጡ ክር ክር የሚል አረንጓዴ ነገር ይንሳፈፋል።

«ቲቸር፣ ይሄም የሚበላ ይመስለኛል። ትንንሽ ከረጢት አለው። ከውሃ ሳወጣው ይንጣጣል» አለኝ።

ክፍሉ ሳቀ። ተክል ይንጣጣል መባሉ እኔንም አሳቀኝ። ሃይላንዱን ወደ መስኮቱ እንኳ አላነሳሁትም። «አልጌ ነው፤ ድፋው» አልኩት። ወጥቶ ቧንቧው ሥር ደፋውና ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ ለመጠየቅ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም።

የአሜሪካውን ተክል ደግሞ ተንከባከብኩት ብዬ ገደልኩት። ፍግ ጨመርኩበት፣ የቧንቧ ውሃ አጠጣሁት፣ ከቁርጥ ላይ እየቆረስኩ አጎረስኩት። እነዚህ ተክሎች ነፍሳት የሚያጠምዱት አፈራቸው ናይትሮጅን ስለሚያንሰው ነው። ሥራቸው ማዳበሪያም ሆነ በውሃ የሟሟ ማዕድን ሲበዛበት አይችልም። የሚስማማቸው የዝናብ ውሃ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ከቤቴ ቆርቆሮ የሚወርደውን ውሃ እኔ በቦይ እሸኘው ነበር። ፍላይትራፕ በዚያ ላይ በዓመት ሦስት ወር ያህል የሚያርፍበት ብርድ ይፈልጋል፤ የጎንደር ታኅሣሥ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ሞቃት ነው። ያጎረስኩት ሥጋ ቅጠሉ ውስጥ ሸተተ። ቅጠሎቹ ከጠርዛቸው እየጠቆሩ ሄዱ፣ በመጨረሻም ግንዱ ላላ።

ምን እንደገደለው ስፈልግ ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ስለ ነፍሳት በል ተክሎች ያሳተመውን መጽሐፍ አገኘሁ። አንድ ሥዕል ላይ ስደርስ ገጹን መግለጥ አቃተኝ፤ ክር የመሰለ የውሃ ተክል፣ በየቅጠሉ ከረጢት ያንጠለጠለ። ዩትሪኩላሪያ ይባላል። ከ200 በላይ ዝርያ ያለው፣ ሥር የሌለው፣ በእኛም አገር ረግረጎችና በጣና ዳርቻ የሚገኝ ወገን ነው። ከረጢቱ ውሃውን ወደ ውጭ እየገፋ ጎኑ ይሰረጉዳል። የውሃ ቁንጫ የበሩን ፀጉር ስትነካ በሩ ተከፍቶ ውሃውን ከነቁንጫዋ ይስባል፤ ይህ ሁሉ የሚያልቀው የሰከንድ ሺኛ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ተክሉ ከውሃ ሲወጣ ከረጢቶቹ አየር እየሳቡ ይንጣጣሉ። ልጁ የሰማው ይህን ነበር።

ዳርዊን ራሱ በዚህ ተክል ተሳስቷል። ትንንሾቹ እንስሳት በሩን በጭንቅላታቸው ገፍተው ይገባሉ ብሎ ነበር የጻፈው። ሜሪ ትሪት የምትባል አሜሪካዊት ግን በማይክሮስኮፕ ተከታትላ የሚይዛቸው ከረጢቱ ራሱ መሆኑን ደረሰችበት፤ ዳርዊንም መሳሳቱን በደብዳቤ አመነላት። እኔ ይህን ሳነብ ልጁ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ሄዷል።

ተክሉን አለማወቄን ራሴን ይቅር ልለው እችላለሁ። ሳላይ መፍረዴንና ሳቁን አለማስቆሜን ግን አልችልም። ልጁ አይቶ፣ ዳስሶ፣ ሰምቶ፣ ካየው ጋር አመሳክሮ ነበር የመጣው፤ እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ ይህንኑ ላስተምር ነው።

ኋላ ጎርጎራ ወርጄ ተክሉን በአጉሊ መነጽር አየሁት። የጠገቡት ከረጢቶች ጠቆር ይላሉ። ትንሽ ቅንጣቢ በመስታወት ዕቃ፣ በዝናብ ውሃ፣ ብርሃን ባለበት መስኮት ላይ አኑሬያለሁ፤ ማዳበሪያም ሥጋም አላስጠጋበትም፣ ይበቅላል። ክፍል ይዤው ስገባ ማን ቀድሞ እንዳመጣውና ምን ብዬ እንዳስደፋሁት ለተማሪዎቼ እነግራለሁ። ስምህን ግን አልጠራም፤ ያ ሳቅ እንደገና እንዲነሳብህ አልፈልግም።

አድራሻህን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ፣ ልክ ነበርክ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። አንድ ነገርም ልጠይቅህ፦ ያኔ ውሃውን ከየት ቀዳኸው? እኔ ያገኘሁበትን ዳርቻ እምቦጭ ሸፍኖታል፤ ያንተ ቦታ ክፍት ከሆነ ተማሪዎቼን ይዤ ልሂድ።