ስለ አይጥና ስለ መኪና ሽቦ

አይጥ ከሰው ጋር ጎረቤት ሆና መኖር ከጀመረች ዘመኑ እጅግ ሩቅ ነው። ሰው እህሉን ሲያከማች እርስዋ ከክምችቱ ሥር ገባች፤ ቤት ሲሠራ ከግድግዳው ውስጥ ጐሬዋን ማሰች፤ መጽሐፍ ሲጽፍ ብራናውን ቈረጠመች። እንግዲህ ሰው መኪና በገዛ ጊዜ ከመኪናው ውስጥ መግባትዋ ሊያስደንቀን አይገባም። የሚያስደንቀውስ፥ ለጎተራውና ለመጽሐፉ ብልሃት ያገኘ ሕዝብ፥ ነገሩ ወደ መኪና ሲደርስ ያንኑ ብልሃት መርሳቱ ነው።

አባቶቻችን ጎተራን ከመሬት ከፍ አድርገው በድንጋይ ላይ ያቆማሉ። የብራና መጽሐፍን በቆዳ ማኅደር ከተው ከግድግዳ ችካል ላይ ይሰቅላሉ። እኔም ቅኔ በምማርበት ዘመን ከጓደኞቼ ጋር በሣር ጎጆ ስኖር፥ ለምነን ያመጣነውን ቍራሽ በአኮፋዳ አድርገን ከጣራው ማገር በገመድ ሳናንጠለጥል አንተኛም ነበር። ይህን ያስተማረን ረኃብ ነው፤ አንድ ሌሊት የዘነጋ ተማሪ በማግሥቱ በባዶ ሆዱ ለትምህርት ይቀመጥ ነበርና። በዚህ ሁሉ ውስጥ መርዝ አልነበረም። ብልሃቱ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም አይጢቱ የምትመጣበትን ምክንያት አውቆ ምክንያቱን ማራቅ ነው።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። የዚያን ጊዜው መኪና ሽቦው ጥቂት ነበረ፤ በዛሬው መኪና ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ግን ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ከ1 ኪሎ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የሽቦው አካል መዳብ ነው፤ ልብሱም ፕላስቲክ ነው። በቅኔ ቤት ቋንቋ ለመናገር ይፈቀድልኝና፥ ልብሱ ሰም መዳቡም ወርቅ ነው። አይጥ ግን ወርቁን አትሻም፤ ሰሙን ልጣ ትሄዳለች።

ስለ ምን ትልጣለች ቢባል፥ የአይጥ ፊተኞች ጥርሶች አራት ናቸው፤ ሁለቱ በላይ ሁለቱ በታች። እነዚህም ዕድሜ ልክ ከማደግ አያቋርጡም፤ በአንድ ዓመት ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊያድጉ ይችላሉ። ስለዚህ ዘወትር አንድ ነገር መከርከም ግድ ይሆንባታል። ዳሩ ግን ለጥርስዋ እንጨትም ቅርፊትም በየስፍራው ሞልቶላታል። ወደ መኪናው የሚያመጣት ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሞተሩ የተወላት ሙቀት፥ ከድመትና ከዝናብ የሚሰውራት ጨለማ፥ በአቅራቢያውም የምታገኘው ምግብ ነው። ሽቦው በመንገድዋ ላይ ስለ ተገኘ ብቻ ይቈረጣል።

ይህን ጥፋት ከባድ የሚያደርገው የሽቦው ዋጋ ብቻ አይደለም። ጥፋቱ በስውር የሚደረግ ስለ ሆነ፥ አይጢቱ ሳትታይ በቅርብ ያለ ሰው ይጠረጠራል። ይህም በሰፈራችን ደርሶ አይተነዋል። በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ ድንኳንና ወንበር ድስትም የሚያመላልሰው የእድራችን መኪና ለቅሶ በደረሰበት ማለዳ አልነሣ አለ። ሦስት ሳምንት ያህል ሳይንቀሳቀስ ከዕቃ ቤቱ ጥግ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሪኖው ዝም አለ፤ በክሩስኮቱም ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ ባንድነት በሩ። ድንኳኑ በሰው ሸክም እስኪደርስ ሐዘንተኞቹ በዝናብ ቆሙ። ኮፋኖው ቢከፈት ሽቦው በአራት ስፍራ ተቈርጦ ተገኘ። ወዲያው አንዳንድ ሰዎች፥ «መዳቡን ሊሸጥ ሾፌሩ ራሱ ቈርጦታል» አሉ። ቁልፉንም ተቀበሉት፤ የጥገናውም ዋጋ ከደመወዙ እንዲከፈል ታሰበ። ሰውየውም የአራት ልጆች አባት ነው።

ነገሩን እንዲመረምሩ ከተመረጡት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። መካኒክ አስጠርተን በባትሪ እያበራን አየን። ሌባ ቢሆን መዳቡን በወሰደው ነበር፤ መዳቡ ግን እዚያው ነበረ፤ የተላጠውም ፕላስቲክ እንደ ገለባ ተፈርፍሮ ከሥሩ ወድቋል። በቢላዋ የተቈረጠ ሽቦ ጫፉ ልሙጥ ነው፤ የዚህ ጫፍ ግን የተቦጫጨቀና ሁለት ሁለት ጭረት ያለበት ነበረ። ከሞተሩ ጐን የድንኳን ጨርቅ ብጫቂና ሣር ተጠቅልሎ ጎጆ ሆኗል፤ ኵሱም እንደ ጥቍር ሩዝ ተበትኗል። ወደ ዕቃ ቤቱ ብንገባ፥ ለንፍሮ የተቀመጠው የስንዴ ጆንያ ከሥሩ ተቀዶ አገኘነው። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚለውን ተረት የዚያን ቀን በዓይናችን አየነው።

ሾፌሩ ቁልፉ በተመለሰለት ጊዜ፥ «የኔታ፥ ሽቦውስ ይቀጠላል፤ ዘጠኝ ቀን ሌባ የተባልሁበት ምን ይሁን?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበርና፥ በወሩ ጉባኤ ቃለ ጉባኤው በአባላቱ ሁሉ ፊት እንዲነበብ አደረግን። የስንዴው ጆንያም በዚያው ቀን ክዳን ባለው የብረት በርሜል ውስጥ ገባ።

ይህ መከራ በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፥ በሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሚኔራል ኪንግ በሚባለው ሸለቆ፥ ማርሞት የተባለ ድመት የሚያህል የአይጥ ወገን አለ። በጸደይና በበጋ የጎብኚዎችን መኪና ቱቦና ሽቦ እየበላ ስላስቸገረ፥ ሰዎቹ መኪናቸውን ከሥር ጀምረው በሸራ ጠቅልለው ያቆማሉ። በጀርመንና በስዊዘርላንድ ደግሞ ማርደር የምትባል ከድመት የምታንስ ሥጋ በል አውሬ ትገኛለች። የርስዋ ምክንያት ቅናት ነው። መኪናው በሌላ ማርደር ግዛት አድሮ የመጣ እንደ ሆነ፥ የባላጋራዋን ጠረን አሽትታ ቱቦውንና ሽቦውን በቍጣ ትነክሳለች። እንግዲህ የአውሬው ምክንያት ልዩ ልዩ እንደ ሆነ መጠን መድኃኒቱም ልዩ ልዩ ነው።

ለእኛ አገር አይጥ የሚስማማው መድኃኒት ይህ ነው። አንደኛ፥ መኪና በእህል ጆንያ፥ በሣር ክምር፥ በቆሻሻ ወይም በማገዶ አጠገብ አይቁም፤ በውስጡም የዳቦ ፍርፋሪና ቆሎ አይደር። ሁለተኛ፥ ረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥ፤ በየጥቂቱ ቀን ይንቀሳቀስ። የሚቆም ከሆነም ኮፋኖውን ከፍቶ ማሳደር ጨለማዋንና ምቾትዋን ያሳጣታል። ሦስተኛ፥ የአየር መግቢያው ቀዳዳ በጠንካራ የብረት ወንፊት ይሸፈን። ትንሽዋ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሚያህል ቀዳዳ ትሾልካለችና፥ ወንፊቱ ከዚያ የጠበበ ይሁን፤ ከሚሽከረከር ማንኛውም ነገርም ርቆ በመካኒክ እጅ ይታሰር። አራተኛ፥ ወጥመድ ከመኪናው ውጭ በግድግዳው ሥር ይቀመጥ።

መርዝን ግን አልመክርም። መርዝ የበላች አይጥ በሞተሩ ውስጥ ሞታ ትሸታለች፤ እርስዋን የበላ ድመት ወይም ጭልፊትም ሊሞት ይችላል። ናፍታሊንም በተዘጋ መኪና ውስጥ ሲተን ለሚቀመጥበት ሰው ጤና ጐጂ ነው። ሚጥሚጣ የሚበትኑም አሉ። በእርግጥ በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ነገር አጥቢ እንስሳትን ያቃጥላል፤ ሆንዳ የተባለውም የጃፓን ኩባንያ ይኸው ነገር ያለበትን የሽቦ መጠቅለያ ይሸጣል። ዳሩ ግን የተበተነ ዱቄት ነፋስ ሲያነሣው ከአይጢቱ ይልቅ የሾፌሩን ዓይን ያገኛል።

ሽቦው ተበልቶ በተገኘ ጊዜ፥ የተራቈተ ሽቦ ከሌላው ሲነካካ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፥ የባትሪው ገመድ ይፈታ እንጂ ሞተሩን ለማስነሣት አይታገሉ። የተቃጠለውን ፊውዝ በሽቦ ቍራጭ መተካትም ቤትን ለእሳት አሳልፎ እንደ መስጠት ነው። ኵሱንና ጎጆውን በደረቁ መጥረግ በሽታ ያመጣል፤ ጓንት አጥልቆ፥ በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ አርሶ፥ በጨርቅ መጥረግ ይገባል። ጠረኑም ሌላ አይጥ ስለሚጠራ ስፍራው በሚገባ ይታጠብ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በየሳምንቱ ኮፋኖውን ከፍቶ የሚመለከትና የቆመበትን ስፍራ የሚጠርግ ሰው ነው። ሽቦ ተቈርጦ የተገኘ እንደ ሆነም፥ የሰውን ስም ከማንሣት አስቀድሞ የሽቦውን ጫፍ በብርሃን አይቶ የጥርስ ምልክት መኖር አለመኖሩን መለየት ይገባል።