የቤቱ ሰዎችስ?

ሥራ ስንፈልግ የምንውል የሚመስላችሁ ወዳጆቻችን ይቅርታ አድርጉልን። ከሰዓት በኋላ ካርቶን እየቆረጥን ነው። በጋዜጠኝነት ተመርቀን ቤት ከተቀመጥን ወዲህ እንዲህ የተጋንበት ሥራ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋርሃመር 40,000 የሚባል እ.ኤ.አ. በ1987 እንግሊዝ አገር የወጣ የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ አለ። ሦስት ሴንቲሜትር ገደማ የሆኑ የወደፊት ዘመን ወታደሮች ይሰለፋሉ፣ ዳይስ ይጣላል። ሰንጠረዥና ገበጣ ባለበት አገር ላደገ ብዙም እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ፣ የጦር ሜዳውን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ፎቶዎቹን ስናይ ፍርስራሹ ሁሉ የአውሮፓ ካቴድራል ይመስላል። እኛ ደግሞ ያደግነው ቁስቋም ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግቢ ጎረቤታችን ነው። ታዲያ ካቴድራል ምን ያደርግልናል?

ልኬቱ የእውነቱን በ60 ማካፈል ነው። ዐሥር ሜትር ግንብ 17 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በሩ ወታደሩን ከነመቆሚያው ካላሳለፈ ሕንፃው ጌጥ ብቻ ነው። ጣሪያው መነሳት አለበት፣ እጅ እንዲገባ። የመጀመሪያውን ግንብ የሠራነው የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም ነበር። ግራጫ ስፕሬይ ነፋንበት፤ ዓይናችን እያየ ቀለጠ! ለካ የስፕሬዩ ኬሚካል ፎም ይበላል። አሁን መጀመሪያ አሸዋና ኮላ ለውሰን እንቀባለን፣ ከዚያ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም። እንደ ግቢው ቀያይ መስቀሎች ለጠፍንበት፤ ከክቡ ማማ አናት ላይ ደግሞ የሳተላይት ሳህን ተከልን።

ከባዱ ማፍረሱ ነው። ግድግዳ ዝም ብሎ አይፈርስም። ምን መታው? ከየት በኩል? ይህን ካልወሰናችሁ የተገመጠ ዳቦ ይመስላል። የእውነተኛውን ታሪክ እናውቃለን፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም አልተረፈችም፤ ቤተ ክርስቲያኗ ኋላ ነው እንደገና የተሠራችው።

ታናሽ ወንድማችን ዐሥር ዓመቱ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተማችን ውስጥ ተኩስ ሲሰማ ከእኛ ጋር አልጋ ሥር ተኝቷል። ያለቀውን ሜዳ ዞሮ ዞሮ አየና «ሰዎቹስ የት ሄዱ?» አለን። ወታደሮቹን አሳየነው።

«እነዚህን አይደለም። የቤቱን ሰዎች።»

ዝም አልን። በጨዋታው ቤት ማለት መከለያ ነው። ማን ይኖርበት ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛም በሦስት ሳምንት ሥራ አንድ ቀን አልጠየቅንም። ጥያቄ መጠየቅ የተማርን ሰዎች!

በማግስቱ የልብስ ገመድ ዘረጋን። ከኮት ቁልፍ ምጣድ፣ ከላጲስ ቢጫ ጀሪካን ሠራን። ከሽቦና ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ደግሞ አንዲት እማማ ሠርተን በሩ ላይ አቆምናቸው። አንድ የራሳችንን ሕግም ጨመርን፦ እማማ ያሉበትን ቤት የመታ ተሸነፈ።

ጨዋታው ከበደ። እስካሁን በዚህ ሕግ ሁለቴ የተሸነፍነው እኛው ነን። ወንድማችን ግን አንድም ጊዜ አልተሸነፈም።