በእንግዶች መዝገብ ላይ የጻፍኩት

በ2000 ዓ.ም.፣ በሚሊኒየሙ ሰሞን፣ ኤግዚቢሽን የማያዘጋጅ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ዊንጌት አካባቢ የማስተምርበት ትምህርት ቤትም (ስሙን ልተወው፤ ጥፋቱ የኔ ነው) አንድ አሮጌ ክፍል ለቀቀልንና «ሙዚየም አድርጉት» ተባልን። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ሰብሳቢነቱ ለኔ ተሰጠ። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ከግምጃ ቤት የቀለም ብልቃጥ ቀዳዳ ያላቸውን ዴስኮች አወጣን። ጥቁር ሰሌዳውን እንደ ድሮው በከሰልና በባትሪ ድንጋይ ቀባነው። በሩ ላይ የመኪና ቸርኬ ሰቅለን ደወል አደረግነው፤ ለጉብኝት የሚመጡ ልጆች ሁሉ ሳይደውሉ አይገቡም ነበር። የድሮ የስም መጥሪያ ተገኝቶ ስለነበር እኔ ስም እጠራለሁ፣ ልጆቹ በማያውቁት ሰው ስም «አቤት!» ይላሉ። ይህን ጨዋታ ያመጡት ራሳቸው ናቸው። አሜሪካ ውስጥም ሙዚየም የሆኑ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ልጆች የአያቶቻቸው ዘመን ተማሪ ሆነው ይውሉባቸዋል። እኛ ግን ከማንም አልቀዳንም።

ትልልቆቹ ጎብኚዎች ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትን አያነቡም። በቀጥታ ወደ ዴስኩ ሄደው እጃቸውን ከሥሩ ይሰዳሉ፣ በምላጭ የፈለፈሉትን ስም ፍለጋ። አንዲት ሴትዮ ከወንድሟ ጋር አንድ እርሳስ ለሁለት ቆርጠው እንዴት እንደተማሩ እየሳቀች ነገረችኝና መጨረሻ ላይ አለቀሰች። ሌላው የማባዣ ሠንጠረዡን ከደብተሩ ጀርባ እየሰረቀ ፈተና ማለፉን በኩራት ተናገረ። ይህን ሁሉ ሰማሁ እንጂ አንዱንም አልጻፍኩትም። ሥራዬ ግድግዳው ነበራ!

ግድግዳዬ የታላላቆች ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባውና መጋቢት 1936 በአውሮፕላን አደጋ የሞተው እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት አለ። በስሙ የተሰየመው፣ በ1946 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ካውንስል አማካይነት የተከፈተው አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ የተማሩት ገጣሚው ሰሎሞን ደሬሳና መለስ ዜናዊም አሉ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዚያ ትምህርት ቤት ነው፤ የኛ ግን ሌላ ነው። የጎረቤት ክብር ተዋስኩ ማለት ነው። ታሪኩ 1966 ላይ ሲደርስ ግድግዳዬ አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን በአንድ መስመር አለፍኩት። ያንን መስመር የቆረጥኩት አስቤበት ነው።

አንድ ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን መጡ። ጋቢያቸው ላይ የክር ብናኝ ነበረበት፤ ጉለሌ ያደገ ሰው ሸማኔ አይጠፋውም። ወደ ኋላው ዴስክ ሄደው ተቀመጡ። እንደ ሌሎቹ ከሥር አልዳበሱም። በአመልካች ጣታቸው ዴስኩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያሉ አንድ ነገር ጻፉ።

«እዚህ ነው የተማርኩት» አሉኝ።

«በስንት ዓመተ ምሕረት ነው አባባ?»

«በመሠረተ ትምህርት ጊዜ። ማታ ማታ።»

ከፌስታል ውስጥ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ነው። ግድግዳውን እያዩ «ከዚያ ጋር ብትሰቅሉት ብዬ ነው» አሉ። እኔም «አባባ፣ ይሄ የቀን ተማሪዎች ነው» አልኳቸው። ሲወጡ የእንግዶች መዝገብ ላይ ያለውን እስክሪብቶ ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ። ከሰዓት ባለሥልጣናት ይመጣሉ ተብሎ ነበርና ገጹ እንዳይበላሽብኝ ፈራሁ። «እሱ ለተጋበዙ ነው» አልኩ። «እሺ መምህር» ብለው ወረቀታቸውን በነበረው እጥፋት አጥፈው ሄዱ።

ስለ ባለሥልጣናቱ ያልኩት እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን እሱ አልነበረም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1971 ሲጀመር እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ እንዳስተምር ታዘዝኩ። ዘመቻው በመጨረሻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ በ1972 ዩኔስኮ ሸልሞታል። እኔ የማስታውሰው ግን የቀበሌውን ሊቀ መንበር በር ላይ ቆሞ ስም ሲይዝ ነው፤ የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ይከለከላል ይባል ነበር። ሸማኔዎቹ ቀኑን ሙሉ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው ሲወረውሩ ውለው ማታ «ሀ ሁ» ላይ ያንቀላፋሉ። እኔ ደግሞ ጠመኔ የያዝኩ ጎረምሳ ነኝ። አባቶቼ የሚሆኑትን ሰዎች በጠመኔ ዴስክ እየደበደብኩ ቀሰቀስኳቸው። «ይነሱ» ማለት ሲገባኝ «ተነስ» አልኳቸው። አንዳንዶቹ እየተንተባተቡ ሲያነቡ ከጓደኞቼ ጋር ስቄባቸዋለሁ። የሽማግሌውን ወረቀት ብሰቅል ያ ሁሉ አብሮ የሚሰቀል መሰለኝ።

ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ መዝገቡን አነበብኩት። «በጣም ደስ የሚል ነው፤ በርቱ።» ቀጣዩም ገጽ «በርቱ» ነው። ከታች ፊርማና ማዕረግ።

ሸማኔዎቹን እየጠያየቅሁ የሽማግሌውን ቤት አገኘሁና መዝገቡን ይዤ ሄድኩ። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ምን አጠፋህና ልጄ?» አሉ፤ ከልባቸው ይሁን ከይሉኝታ ለማወቅ አልቻልኩም። ቡና ተፈላ። ትዝታዎን ይንገሩኝ ስላቸው ስለ ዘመቻው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ያወሩኝ ክር በዱቤ ስለሚሰጣቸው ነጋዴ ነው። ማንበብ የቻሉ ዕለት የዱቤ ደብተሩን «እስቲ ልየው» ብለው ተቀበሉት። በስማቸው ሥር ያልወሰዱት ክር ተጽፎ አገኙ። ነጋዴው ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ሰረዘው። «ከዚያ ወዲያ ሳላነብ አልፈረምኩም» አሉኝ።

እኔም ይህን እየሰማሁ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እየጻፍኩ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ «አንተው ጻፍልኝ» ብለውኝ ነበር። ጻፍኩ፤ ባማረ የመምህር እጅ ጽሑፍ ገጹን ሞላሁት። ከታች ስማቸውንም እኔው ጻፍኩት። አንብቤላቸው እንኳ አልወጣሁም፤ መሽቶብኝ ነበር።

የሠራሁትን ያወቅሁት በሌላ ጊዜ ገጹን ሳገላብጥ ነው። ያኔ ሽማግሌው አርፈው ነበር።

ክፍሏ በኋላ የኮምፒዩተር ክፍል ሆነች፤ ዴስኮቹ የት እንደደረሱ አላውቅም። መዝገቡ እኔ ጋ ነው። የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፤ «ለጥንቃቄ» ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ልመልሰው በተነሳሁ ቁጥር ያቺ ገጽ ትይዘኛለች። ማንም ቢያነባት ሰውየው ስማቸውን መጻፍ የማይችሉ ነበሩ ብሎ ነው የሚያልፈው።