የሕዋስ ትዕግሥት

የሰው ሰውነት መከራን የሚችልበት ጥበብ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የቻለ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

አንድ ኢትዮጵያዊ ደቀ መዝሙር በኦልድ ካይሮ «አል ሙአላቃ» የምትባለውን የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ፥ በዓባይ ዳር ወደ ሰሜን ሲሄድ ከቀስር አል ዐይኒ ሆስፒታል ደረሰ። በዚህ ሆስፒታል በ1851 እ.ኤ.አ. ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሬሳ ሲመረምር በደም ሥር የሚኖር ትል አገኘ፤ በሽታውም በስሙ ቢልሃርዚያ ተባለ።

ደቀ መዝሙሩን ያሳሰበው ግን ከትሉ ይልቅ የሕዋሳቱ ነገር ነው። ፊኛ ሲሞላ የሚለጠጥ፥ ሲጎድል የሚሰበሰብ የሕዋሳት ሽፋን በውስጡ አለው። እነዚህም በደኅና ጊዜ ቀስ ብለው ይታደሳሉ፤ ሽፋኑ ሲቆስል ግን ከሥር ያሉት ፈጥነው እየተከፈሉ የጎደለውን ይሞላሉ። እሾህ ያለው የትሉ ዕንቁላል በፊኛው ግድግዳ ተቀርቅሮ ዓመት ከዓመት ሲያቆስል፥ አዲሶቹ ሕዋሳት የቀድሞ መልካቸውን ትተው እንደ ቆዳ ጠፍጣፋ ሆነው ይነባበራሉ። ይህ ለውጥ መከራውን ለመቻል ነው። ቁስሉ ካልቆመ ግን በመከፈል ብዛት ስሕተት ይከማቻል፤ አንዲቱም ልክ አጥታ ስትበዛ ካንሰር ትሆናለች። የፊኛ ካንሰር በግብፅ ለብዙ ዘመን የገበሬው መቅሠፍት የሆነው በዚህ ምክንያት ነበር። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኀኒት ከ1980ዎቹ ወዲህ ለሕዝቡ ከታደለ በኋላ ግን ቢልሃርዚያው እጅግ ቀነሰ።

ነገሩ ለሀበሻ ልጅ ሩቅ አይደለም። በሀገራችን ደጋ የሚበዛው አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ዓይነት ቢሆንም፥ መንገዱ አንድ ነው፤ ትሉ በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና በሰው ቆዳ ይገባል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፥ እንዶድ እንደሚገድላቸው አስረዱ።

ደቀ መዝሙሩም በልጅነቱ የዋኘበትን ወንዝ አሰበ። ለዓመታት ሆዱን ሲቆርጠው «የጾም ነው» እያለ ችሎ ኖሯል። በማግሥቱ ሄዶ ተመረመረ፤ ዕንቁላሉም ተገኘበት፤ መድኀኒቱንም በአንድ ቀን ዋጠ።

ትዕግሥት ታላቅ ምግባር ነው። ሆኖም መታገሥና ቁስልን መደበቅ አንድ አይደሉም፤ ሕዋስ እንኳ የምትድነው የሚወጋት ሲነቀልላት ነው።