ፕሮሰሰሩን ልቀይረው ወይስ ልታገሠው?

ከአንድ ወር በላይ ሳወጣና ሳወርደው የቆየሁትን ጉዳይ ለውድ አንባቢያን ላካፍል ወደድኩ። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ያረጀውን የኮምፒዩተሬን ፕሮሰሰር በተሻለ ልቀይረው ወይስ ባለበት ልተወው የሚል ነው። ምክንያቱ ደግሞ ሥራ አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ለፈተና ወረቀት መተየቢያና ለኪታብ ማንበቢያማ ቢሆን ኮምፒዩተሩ እስከ ዛሬ አላማረረኝም።

«አስተማሪ ሆኖ፣ ያውም መድረሳ የቀራ ሰው፣ ጌም ይጫወታል እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሱ ረጅም ነው። በአጭሩ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጊዳቸው ውስጥ በጋሻና በጦር ሲጫወቱ አልከለከሏቸውም፤ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ከኋላቸው ሆና እስኪበቃት ድረስ እንድትመለከት ፈቅደውላታል። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። እኛ የሐበሻ ሙስሊሞች ይህን ሐዲስ እየሰማን ስላደግን፣ ጨዋታ ሁሉ ሐራም ነው ሲባል ቶሎ አይዋጥልንም። ጨዋታ ሁሉ ሐላል ነው ማለትም አይደለም። ቁማር ያለበት፣ እርቃን የሚያሳይ፣ ሶላት የሚያስረሳ ጨዋታ ክርክር አያስፈልገውም። በሸጠረንጅ እንኳ ዑለሞች ተለያይተዋል፤ ብዙዎቹ ሲከለክሉ፣ በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ቁማር ከሌለበትና ከሶላት ካላዘናጋ የተጠላ ነው እንጂ ሐራም አይደለም ተብሏል። ስለዚህ እኔም በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።

የምጫወተው «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2» የሚባለውን ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ታድሶ የቀረበው በ2019 ነው። ምግብ፣ እንጨት፣ ወርቅና ድንጋይ እየሰበሰቡ መንደርን ወደ ከተማ ማሳደግና ከተማውን ከጠላት መከላከል ነው ነገሩ። የሰላሑዲን አል-አዩቢ ዘመቻ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ አለበት፤ በ2015 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ ኢትዮጵያውያንም ገብተውበታል። የታሪክ መጽሐፍ ግን አይደለም፤ ታሪክን ከእሱ ልማር የሚል ልጅ ብዙ ነገር ይጣመምበታል። መነኮሳት በዜማ የጠላትን ወታደር ወደ ራሳቸው ወገን የሚያዞሩበትም ነገር ስላለ፣ ወላጅ ከጎን ቁጭ ብሎ ቢያስረዳ ይሻላል። ሙዚቃውን ማጥፋት ይቻላል። እኛ ቤት የጠፋ ነው።

የምጫወተው ብቻዬን ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ፤ ዘግቼው እተኛ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ጂዳ ከገባ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ እዚያው ተወልደው ስላደጉ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ደፍረው አይናገሩም። ስልክ ስደውል «አሰላሙ ዐለይኩም አጎቴ»፣ «አልሐምዱሊላህ ደህና ነን»፣ ከዚያ ዝምታ። ዘመድ መጠየቅ ማለት ይህ ከሆነ በጣም ቀጭን ክር ነው። ጨዋታውን አራታችን አንድ ላይ መጫወት ከጀመርን ወዲህ ግን የትልቁ ልጅ አፍ ተፈትቷል። «አጎቴ፣ እንጨት ላክልኝ!» «አጎቴ፣ በግራ በኩል መጡብህ!» ይለኛል። ትንሹ ደግሞ «አይዞህ» የሚለውን ቃል የተማረው የእኔ ከተማ ሲፈርስ ነው።

ችግሩ የእኔ ኮምፒዩተር ነው። ከውጭ አገር መሥሪያ ቤት ተነሥቶ፣ ተጠግኖ፣ እዚህ የተሸጠልኝ ያገለገለ ዕቃ ነው። በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ኮር አይ ስሪ 4130 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ሁለት ኮር ያለው፣ ፍጥነቱ 3.4 ጊጋኸርዝ ነው። የጨዋታው መጀመሪያ ላይ ምንም አይልም። ሠራዊቱ ሲበዛ ግን ወታደሮቹ በጭቃ ውስጥ እንደሚሄዱ ይሆናሉ። ክፋቱ፣ የሚዘገየው የእኔ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ የወንድሜና የልጆቹም አብሮ ይዘገያል። የእነሱ ኮምፒዩተሮች አዲስ ናቸው፤ ቢሆንም ይዘገያሉ።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወስጄ አነበብኩ። የጨዋታው መሐንዲሶች የሆኑት ፖል ቤትነርና ማርክ ቴራኖ እ.ኤ.አ. በ2001 አሠራሩን በጽሑፍ አብራርተውታል። በዚያ ዘመን የስልክ መስመር ኢንተርኔት ቀርፋፋ ስለነበር፣ የእያንዳንዱን ወታደርና ቀስተኛ አቋቋም ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር መላክ አይቻልም ነበር። ስለዚህ የሚላከው ትእዛዙ ብቻ ሆነ። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ጦርነቱን በሙሉ ለራሱ ያሰላል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት ላይ መድረስ ስላለባቸው ማንም ከማንም አይቀድምም። አንዱ ካልደረሰ ሌሎቹ ይጠብቁታል።

ይህን ሳነብ የመጣብኝ የሸኻችን ሐለቃ ነው። ነሕው ስንቀራ ከመካከላችን አንዱ ደረሳ ካልገባው ሸኻችን ገጹን አይገልጡም ነበር። ቀልጣፋዎቹ እስኪሰለቻቸው ይጠብቃሉ። ያኔ የሚጠበቀው ደረሳ ሌላ ነበር፤ አሁን በአርባ ዓመቴ ደጃፍ ላይ የምጠበቀው እኔ ሆንኩ! የጨዋታው አዘጋጆችም ነገሩን ዐውቀውት ኖሮ፣ በ2019ኙ እትም ከማያውቁት ሰው ጋር በደረጃ ለመጋጠም የሚፈልግ ሰው ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ ተፈትኖ 1000 ነጥብ ማምጣት እንዳለበት ደንግገዋል። የእኔው ተፈትኖ 1000 አልሞላም። ዘመዶቼ ናቸው እንጂ ሌላ ሰው በር አይከፍትልኝም ማለት ነው።

ይህ መዘግየት ከጨዋታ ያለፈ ዋጋ ነበረው። የምንጫወተው ዓርብ ማታ ከዒሻ በኋላ ነበር። በአንድ ሰዓት ማለቅ የነበረበት ውጊያ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። «ይህችን ጨርሰን» እየተባለ ሌሊቱ ይገፋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዒሻ በኋላ ወግ ማብዛትን ይጠሉ እንደነበር ለተማሪዎቼ እያስተማርኩ፣ ሱብሒ ላይ ዓይኔ እንደ ጨው የሚቆረቁረኝ ሆንኩ። እንግዲህ ፕሮሰሰር ልግዛ የሚለው ሐሳብ ሃይማኖታዊ ምክንያት ያገኘው እዚህ ላይ ነው፦ ጨዋታው ከፈጠነ ቶሎ እተኛለሁ፣ ሱብሒንም በሰዓቱ እነሣለሁ። ነፍስያ የምትፈልገውን ነገር በኒያ ጠቅልላ ስታቀርብ እንዴት እንደምታሳምር አያድርስ ነው።

ወደ አንድ ኮምፒዩተር መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ «ኮር አይ ሰቨን 4770 አለኝ፤ ያለህ ማዘርቦርድ ላይ በቀጥታ ይገባል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል» አለኝ። ዋጋው ከደመወዜ ግማሽ የሚያልፍ ነበር። ብር እ.ኤ.አ. ከሐምሌ ወር 2024 መጨረሻ ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ያገለገለውም ሳይቀር፣ ይህን ተከትሎ ወጥቷል።

ቤቴ ገብቼ እርሳስ አነሣሁ። የተባለው ፕሮሰሰር አራት ኮር አለው፤ የእኔ ሁለት። «እጥፍ» ያሰኘው ይህ ነው። ይሁንና የጨዋታው ስሌት አብዛኛው በአንድ ኮር ላይ የሚሠራ ነው። አንድ ምጣድ ላይ አራት ሴቶች ቢቆሙ እንጀራው ፈጥኖ አይበስልም፤ ቢበዛ ሊጡን ማቅረብና እንጀራውን ማንሣት ይቀላጠፋል። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች የአንድ ትውልድ ስለሆኑ የአንዱ ኮር ልዩነት በዋነኛነት የጊጋኸርዙ ነው። አዲሱ ቢበዛ 3.9 ይደርሳል፤ የእኔ 3.4 ነው። ሲካፈል አሥራ አምስት በመቶ ገደማ ብልጫ ይሆናል። ዘጠና ደቂቃ የሚፈጀው ውጊያ ሰባ ስምንት ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። የውስጥ ማህደረ ትውስታው ሰፋ ያለ ስለሆነና ሌሎቹ ኮሮች ጥቃቅኑን ሥራ ስለሚያግዙ ትንሽ ይጨመርበት እንበል። እጥፍ ግን በምንም ሒሳብ አይመጣም። በዚያ ላይ የእኔው 54 ዋት ሲሆን እሱ 84 ዋት ነው፤ የበለጠ ይሞቃል፣ የተሻለ ማራገቢያም ይፈልጋል።

«እንግዲያውስ ከነማዘርቦርዱ ቀይረው» ያለኝ ወዳጅ አለ። እውነቱን ለመናገር ዘላቂው መፍትሔ ይኼ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን አብዛኞቹን ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። የእኔም፣ ሻጩ ያቀረበልኝም አራተኛ ትውልድ ናቸው። ገንዘብ አውጥቼ የምገዛው ነገር ራሱ በሩ የተዘጋበት ነው። ሙሉውን ልቀይር ካልኩ ግን ማዘርቦርዱ፣ ሚሞሪው፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ምናልባትም ሣጥኑ ሳይቀር ይለወጣል፤ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች ብዙ ጊዜ በራሳቸው ልክ የተሠሩ በመሆናቸው የሌላ ዕቃ አይገባባቸውም። የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ልጆች ያሉት መምህር ይህን ለጨዋታ ሲያወጣ ማየት አልፈልግም፤ ራሴንም ቢሆን።

ዑለሞች በኢስራፍና በተብዚር መካከል ልዩነት ያደርጋሉ። ተብዚር ገንዘብን በማይገባ ነገር ላይ መበተን ሲሆን፣ ኢስራፍ በተፈቀደው ነገር ላይ ከልክ ማለፍ ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ሁለተኛው ነበር። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ሰው በቂያማ ቀን ስለ ገንዘቡ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ ከየት እንዳገኘውና በምን ላይ እንዳዋለው። ለመጀመሪያው አልሐምዱሊላህ መልስ አለኝ። ለሁለተኛው «ለአሥራ አምስት በመቶ» ማለት አፌ ላይ ከበደኝ።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት መመርመር ያዝኩ። ኮምፒዩተሩ ሲዘገይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚታወቅበት ቀላል መንገድ አለ። የምስሉን ጥራትና መጠን ዝቅ አድርጎ ማየት ነው። ፍጥነቱ ከተሻሻለ ችግሩ የግራፊክስ ነው፤ ካልተሻሻለ የፕሮሰሰር ነው። የእኔ አልተሻሻለም። ቀጥሎ ሙቀቱን የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቼ ስጫወት፣ ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ይግልና ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር። ሣጥኑን ስከፍተው የማራገቢያው ክንፍ በአቧራ ጥጥ ለብሷል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቅባትም ደርቆ ቅርፊት ሆኗል። አቧራውን በቀለም ብሩሽ አራገፍኩ፣ አዲስ ቅባት ቀባሁ። ያወጣሁት ከአንድ የታክሲ ቀን ብዙም አይበልጥም። (ወጣቶች ይህን ልሞክር ካላችሁ መጀመሪያ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፤ ማራገቢያውንም ሳትይዙ አትንፉበት።)

ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ገንዘቡን እኔ ልላክ» አለ። አመሰገንኩት፣ አልተቀበልኩም፤ የእናታችን መድኃኒት ከሱ የሚመጣ ስለሆነ ሌላ ጫና አላስፈለገም። ግን አሮጌ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ባለ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ነበረችው። ከዑምራ በተመለሰች ጎረቤታችን እጅ መጣችልኝ። ሁለት ሚሞሪ ጎን ለጎን ሲሰካ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ስለሚደርስባቸው፣ በተለይ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ኮምፒዩተር ይጠቅማል።

ከሁሉ የበለጠውን ያመጣችው ግን ባለቤቴ ናት። ኮር ሲባል ሜጋ ሲባል ከሰማች በኋላ፣ «ከዒሻ በኋላ የምትጫወቱት ማን አዟችሁ ነው? ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ብታደርጉትስ?» አለች። ቅዳሜ በሳዑዲም የእረፍት ቀን ነው። የጂዳና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ሲሆን፣ የመግሪብ አዛናቸውም በዓመቱ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይራራቅም። አዛን ሲል ጨዋታው ይቆማል፤ ያላለቀው ተቀምጦ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀጥላል። ለአንድ ሰው የሚፈቀደውን የሕዝብ ብዛትም ከ200 ወደ 100 አወረድነው። ፕሮሰሰሩ የሚያሰላው ሰው በግማሽ ቀነሰለት። ትልቁ ልጅ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ በትንሽ ጦር ማሸነፍ የበለጠ ተንኮል እንደሚፈልግ ሲገባው ግን ወደደው።

አሁንም አንዳንዴ ይንቀራፈፋል። ፕሮሰሰሩን አልገዛሁትም። በየወሩ ጥቂት እያስቀመጥኩ፣ ኮምፒዩተሩ ለሥራም የማይሆንበት ቀን ሲመጣ ሙሉውን እቀይረዋለሁ፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያው ረመዳን ድረስ ያደርሰናል፤ በረመዳን እንደሁ ጨዋታው አይከፈትም።